ገበታው ክፍት፣ ማድ ቤቱ ዝግ

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ ልሄድ ነው። ዴልሂ ይሁን ሃይደራባድ ገና አልለየለትም። ስለ ምግባቸው የሚመክረኝ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ውኃውን ተጠንቀቂ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠውን አትንኪ፣ ቅመሙ ይከብድሻል። እርስዎ ግን «ሕንድን የሚያውቃት በልቶ የወጣ ሳይሆን ተከራይቶ የኖረ ነው» ይላሉ አሉ። ምግብንና የቤት ኪራይን ምን አገናኛቸው?

መምህሩ፦ እዚያ አገር አንዱን ያለ ሌላው ማውራት አይቻልማ። በልቶ የወጣውን እንግዳ ግን አልወቅሰውም፤ ያየው እውነት ነው። ችግሩ ያየው ጎዳናውን ብቻ መሆኑ ነው፣ ጎዳናው ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። አሮጌ ዴልሂን ውሰጂ። የሞጎሉ ንጉሥ የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ በ1650 ባሠራችው በቻንድኒ ቾክ ገበያ (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓራታ የሚባለውን ቂጣ ብቻ የሚጠብሱ ቤቶች የተደረደሩበት ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በጥንቱ ደንብ ሥጋ ቀርቶ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ከዚያ ጥቂት ተራምዶ ጃማ መስጊድ ደጃፍ የደረሰን ሰው የጥብስ ጭስ ይቀበለዋል፤ ከ1913 ጀምሮ ያለው ካሪምስ ምግብ ቤት እዚያው ነው። እንግዳው ሁለቱንም በአንድ ምሽት ይቀምሳል፣ ማን ነህ የሚለው የለም። በሚያድርበት ሰፈርም ጠዋት ጠዋት አትክልት በጋሪ የሚገፋው ሰው እየጮኸ ያልፋል፣ በወተት መሸጫዋ ኪዮስክ ፊት ሰልፍ አለ፣ ባለሱቁ ምስሩንና ዱቄቱን እየመዘነ ዱቤ ይጽፋል፣ በሳምንት አንድ ቀን ማታ መንገዱ ገበያ ይሆናል፤ ሻይ አፍይው ከሹፌሩም ከባንክ ሠራተኛውም እኩል ሂሳብ ይቀበላል። ይህ ሁሉ ከሰማይ የወረደ እኩልነት አይደለም። የ1950ው ሕገ መንግሥት በ15ኛው አንቀጹ ማንም ዜጋ በሃይማኖቱ ወይም በካስቱ (በትውልድ በሚወረሰው የማኅበራዊ ደረጃው) ምክንያት ከሱቅ፣ ከምግብ ቤት፣ ከሆቴልና ከውኃ ጉድጓድ እንዳይከለከል ቦታዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ደንግጓል። ምግብ ቤት በሕገ መንግሥት ውስጥ ስሙ የተጠራው እዚያ ይከለከል የነበረ ሰው ስለነበረ ነው። እንግዳው እንግዲህ እየተዘዋወረ የሚያየው ሕጉ የደረሰበትን ቦታ ነው።

ተማሪዋ፦ ሕጉ ያልደረሰበትስ የት ነው?

መምህሩ፦ ማድ ቤቱ። ቤት ፈላጊ ከደላላ ጋር ስትነጋገር ቶሎ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ «ቬጅ ነሽ ወይስ ነን-ቬጅ?» የሚለው ነው። በሕንድ በታሸገ ምግብ ሁሉ ላይ ምልክት መኖር ግዴታ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ሥጋ፣ ዓሣም እንቁላልም የለበትም፣ ቡናማ ከሆነ አለበት። ያ ምልክት ከብስኩት ካርቶን ተነሥቶ ሰው ላይ የሚለጠፈው በኪራይ ጊዜ ነው። አሁን አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ሕንድን የአትክልት በላተኞች አገር አድርጎ ያስባል። መንግሥት በ2014 ባካሄደው የናሙና ጥናት ግን ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ 71 በመቶ ያህሉ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል የሚበላ ነው። በራጃስታን ከአራት ሰው ሦስቱ አይበሉም፤ በቴላንጋናና በምዕራብ ቤንጋል የማይበሉት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ታዲያ አብዛኛው የሚበላ ከሆነ የተከራይዋን ድስት የሚመረምረው ማን ነው? መልሱ ቁጥሩ ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ወገኖች ጠባይ ውስጥ ነው። ሥጋ የሚበላው ሰው ምስር የሚሠራ ጎረቤት አያስከፋውም። የማይበላው ግን የጎረቤቱ ጭስ ራሱ ያረክሰኛል ይላል። እንዲህ ሲሆን አንድ ሕንፃ ውስጥ ጥቂቶቹ አጥብቀው ሲጠይቁ ብዙኃኑ ግድ ስለሌላቸው ይስማማሉ፣ የጥቂቶቹ ልማድ የሁሉም ደንብ ይሆናል። በሙምባይ ማላባር ሂልን በመሳሰሉ ባለጸጋ ሰፈሮች ሥጋ የሚበላ የማይገባባቸው ሕንፃዎች መኖራቸው ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያው ሙምባይ ግን በዓሣዋ የምትኮራ የወደብ ከተማ ናት።

ማድ ቤት ምን ያህል ጥብቅ ድንበር እንደሆነ ማየት ከፈለግሽ ዳባዋላዎቹን ተመልከቺ። ከ1890 ገደማ ጀምሮ በሙምባይ ብዙ ሠራተኛ ምሳውን ከገዛ ቤቱ እንዲበላ የሚያደርጉ ነጭ ቆብ ያጠለቁ አመላላሾች ናቸው። ከኮቪድ በፊት 5,000 ያህል ሆነው በቀን 200,000 ገደማ የምሳ ዕቃ በብስክሌትና በባቡር ያደርሱ ነበር፤ ክዳኑ ላይ በተጻፉ ፊደላትና ቀለማት ብቻ እየተመሩ፣ ባዶውን ዕቃም ከሰዓት በኋላ መልሰው ወደየቤቱ። የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ሲያዩ ስለ ቅልጥፍናው ይጽፋሉ፣ የአስተዳደር ትምህርት ቤቶችም ያጠኑታል። እኔን የሚደንቀኝ ሌላው ነው። ምግብ ቤት በሞላበት ከተማ መቶ ሺዎች ለምን የቤታቸውን ድስት በባቡር ያስከትላሉ? ርካሽነቱ አንዱ ምክንያት ነው፣ ለሆድ መስማማቱም ሌላው። ከሥሩ ግን ማን አበሰለው፣ በምን ዕቃ፣ እጁ ምን ነክቶ የሚለው ጥያቄ አለ። በ2011 እና 2012 በመላው ሕንድ በተካሄደ ትልቅ የቤተሰብ ጥናት ላይ ዳሊቶች፣ በካስቱ ሥርዓት «የማይነኩ» ተብለው የተገለሉት፣ ማድ ቤታችሁ ቢገቡ ወይም ዕቃችሁን ቢጠቀሙ ችግር አለው ወይ ተብሎ ተጠይቋል። ከቤተሰቦቹ 27 በመቶ ያህሉ በአንድም በሌላም መንገድ ያንን የቆየ ማግለል እንደሚፈጽሙ በራሳቸው አንደበት አመኑ። ልብ በይ፣ የተጠየቁት ስለ ሳሎን አይደለም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኛ በምን እንሻላለን? እኛስ ባርከን ያላረድነውን እንበላለን እንዴ? ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ካልተሳለ ማንም አይገባም። ሃይማኖት ያለው ሰው ስለ ምግቡ ቢጠነቀቅ ምኑ ነው የሚያስወቅሰው?

መምህሩ፦ ምንም አያስወቅሰውም። እንዲያውም በዚህ ምክንያት የሕንድ ነገር ከአውሮፓዊ ይልቅ ለኢትዮጵያዊ ቶሎ ይገባዋል። አውሮፓዊው «ምግብ ምግብ ነው» ብሎ ይነሣል፤ እኛ ቢላዋው የማን እንደሆነ መጠየቅን ከልጅነታችን እናውቃለን። ግን ድንበሩ የት ላይ እንደተሠመረ ተመልከቺ። የእኛው ሉካንዳ ላይ ነው የቆመው፤ ሥጋው ላይ። አዲስ አበባ ያለ አከራይ ስለ ውኃና መብራት፣ ስለ እንግዳ ብዛት፣ ስለ ልጆች ጩኸት ይነታረካል እንጂ ከግድግዳው ማዶ ያለው ተከራይ የማን እርድ እንደሚቀቅል ብሎ ውል አያፈርስም። በድግስም ለሙስሊም እንግዳ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ራስን ከምግብ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን ከሰፈር መጠበቅ ሌላ። እኛም ግን ንጹሕ አይደለንም። በከፋ ማንጆዎች የዱር አውሬ ይበላሉ ተብለው ስንት ዘመን ከሰው ቤት እንዳይገቡ፣ ከሰው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀመጡ ተደርገዋል፤ የሸክላ ሠሪውና የፋቂው ነገርም የታወቀ ነው። ስለዚህ «ይህ የሕንድ ክፋት ነው» ብዬ አልነሣም። የምለው ምግብ የሃይማኖት ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቶ የመኖሪያ መታወቂያ የሚሆንበት አንድ ነጥብ አለ፣ የሕንድ ከተሞችም ያንን ነጥብ ብዙ ጊዜ ያልፉታል ነው።

ጾሙን ካነሣሽ አይቀር ላስጠንቅቅሽ። ረቡዕና ዓርብ አረንጓዴው ምልክት ያድነኛል ብለሽ እንዳትተማመኚ። እነርሱ «ቬጅ» የሚሉት ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር የሚባለውን አይብና የነጠረ ቅቤን ይጨምራል፤ የሰሜኑ ምስር መጨረሻ ላይ በቅቤ ቁሌት ይቀባል፣ ሻዩም ከወተት ጋር አብሮ የሚፈላ ነው። ከ2022 ወዲህ ወተትም የሌለበትን የሚያሳይ የተለየ ምልክት ወጥቷል፤ እሱን ፈልጊ። በደቡቡ ይቀልልሻል፤ ኢድሊና ዶሳ ከሩዝና ከጥቁር ባቄላ መሰል እህል ተቦክተው የሚሠሩ ናቸው፣ ቅቤ አታድርጉበት ማለት ብቻ ይበቃል። የእነርሱ ጾም ደግሞ የእኛን ይገለብጠዋል፤ ናቭራትሪ በሚባለው የሂንዱዎች በዓል ብዙዎች እህል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ትተው ወተትና ድንች ይበላሉ። ይህ ጾም የቤት ነገር ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት? በሚያዝያ 2022 የደቡብ ዴልሂ ከንቲባ በናቭራትሪ ሥጋ ቤቶች ይዘጉ አሉ። በዐቢይ ጾም የእኛ ሉካንዳ የሚዘጋው ገዢ ስለሚጠፋ ነው። እዚያ የጠፋው ገዢ አይደለም።

ተማሪዋ፦ እኔ ግን አንድ የሚከነክነኝ አለ። ይህ ሁሉ ስለ ምግብ ሲሆን፣ አፍሪካዊ ቤት የሚከለከለው በእውነት በምግቡ ነው? ቆዳው ጠቁሮባቸው አይደለም? ዳሊቱስ የሚገፋው በካስቱ፣ ሙስሊሙ በሃይማኖቱ አይደለም እንዴ? ምግቡ ሰበብ ብቻ ከሆነ እርስዎ የሚከተሉት ጭሱን ነው፣ እሳቱን ትተው።

መምህሩ፦ ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። ሰበብ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ አዎ። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሱክሃዴኦ ቶራትና ባልደረቦቹ በዴልሂና በዙሪያዋ ቤት ፈላጊ መስለው አከራዮችን የሚያነጋግሩ ሰዎች አሰማርተው ነበር፤ በ2015 በታተመው ውጤት የዳሊትና የሙስሊም ስም ይዘው የቀረቡት ከከፍተኛ ካስት ሂንዱዎች እጅግ ያነሰ እሺታ አግኝተዋል። ያኔ ድስት ክዳኑ አልተከፈተም፤ ስም ብቻ በቃ። ግን ሰበብ ሁሉ እኩል አይደለም። «አንተ ዳሊት ነህ» ብሎ በአደባባይ መከልከል አሳፋሪ ነው፤ «እኛ ቤት ሥጋ አይገባም» ማለት ግን እንደ ንጽሕና፣ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ምግብን የመረጡት ሳያፍሩ የሚናገሩት ምክንያት ስለሆነ ነው። አንቺ እሳቱንና ጭሱን ለየሽ፤ ጎረቤት ግን የሚከሰው በጭሱ ነው። የሰሜን ምሥራቅ ሕንዶችን ተመልከቺ። ሕንዳውያን ናቸው፣ ፓስፖርታቸው አንድ ነው፣ ብዙዎቹ ክርስቲያን ናቸው። በ2007 የዴልሂ ፖሊስ ለእነዚህ ተማሪዎች ባዘጋጀው የጥንቃቄ መጽሔት የቀርከሃ እንቡጥና አኩኒ የሚባለውን የቦካ አኩሪ አተር የመሰለ ሽታ ያለው ምግብ ሰፈር ሳያውኩ እንዲሠሩ መክሯል። ፖሊስ! ስለ ወጥ! በኋላ በዚሁ ጉዳይ ላይ በምግቡ ስም «አኩኒ» የተባለ ፊልም ተሠርቷል፤ ጓደኛሞች በዴልሂ ለሠርግ ይህንኑ ምግብ ተደብቀው ለማብሰል ሲንከራተቱ የሚያሳይ ነው።

ወደ ጨለማው ጎን ከሄድን ነገሩ ይብሳል። በመስከረም 2015 ዳድሪ አጠገብ ባለ መንደር አንድ ሙስሊም የላም ሥጋ ቤቱ አስቀምጧል በሚል ወሬ በጎረቤቶቹ ተገደለ። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ በመጋቢት 2017፣ በዚያው አውራጃ በግሬተር ኖይዳ አንድ ልጅ ጠፋ፤ ናይጄሪያውያን ተማሪዎች በልተውት ነው ተባለ። ልጁ ተመልሶ መጥቶ በኋላ ሲሞት ሕዝቡ መንገድ ላይ ያገኘውን አፍሪካዊ ደበደበ። ሁለቱን ክሶች ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ለሙስሊሙ የተመረጠለት የላም ሥጋ ነው፣ ለጥቁሩ የሰው ሥጋ። ጥላቻው የተለያየ ምንጭ አለው፣ የተገለጠው ግን በአንድ ቋንቋ ነው፤ «ምን በላ?» በሚለው። ስለዚህ ምግቡ የጥላቻው አባት ነው አላልኩም። መግቢያው በር ግን እሱ ነው።

ተማሪዋ፦ እንዲያ ከሆነ ዴልሂ የስደተኛ ምግብ ከተማ እንዴት ሆነች? በቲማቲምና በቅቤ የሚሠራው የዶሮ ወጣቸው ከፔሻዋር የመጡ ስደተኞች ሥራ ነው ይባላል። ሞሞ የሚባለውን በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ ያመጡት ቲቤታውያን። ዓሣውን ቤንጋሎች። እንግዳን የምትገፋ ከተማ የእንግዳን ምግብ የራሷ ታደርጋለች?

መምህሩ፦ ታደርጋለች፤ የክርክሬም ልብ ያለው እዚሁ ነው። እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደገቡ ተመልከቺ። በ1947 አገር ሲከፈል ከፑንጃብና ከፔሻዋር የመጡት በብዙ መቶ ሺዎች ሆነው ነው፤ መንግሥት ላጅፓት ናጋርን የመሳሰሉ ሰፈሮችን ሠርቶ አሰፈራቸው። ያ የዶሮ ወጥ የመጣው ከእነርሱ ነው፤ ማን ፈለሰፈው የሚለው በ2024 ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፣ ሁለት ምግብ ቤቶች እየተሟገቱበት። ከምሥራቅ ፓኪስታን ለተፈናቀሉት ቤንጋሎች በ1960ዎቹ ደቡብ ዴልሂ ውስጥ መሬት ተሰጣቸው፤ ዛሬ ቺታራንጃን ፓርክ ይባላል፣ የዓሣ ገበያውም መሐሉ ላይ ነው። ቲቤታውያን ከ1959 ስደት በኋላ ያሙና ወንዝ ዳር ማጅኑ ካ ቲላ ላይ ሰፈሩ። በሌላ አነጋገር ሕንድ ማኅበረሰብን መቀበል ታውቅበታለች። ቦታ ትሰጠዋለች፣ በቦታው የራሱን ማድ ቤት እንዳሻው ያጨሳል፣ ከጊዜ በኋላ ምግቡ ከሰፈሩ ወጥቶ ከተማውን ያዳርሳል። ሞሞ ዛሬ ዴልሂ ውስጥ የማይሸጥበት ማዕዘን የለም፤ ቲቤታዊ ተከራይን የሚቀበል ማዕዘን ግን ያን ያህል አይደለም። ምግቡ ይዞራል፣ ሰውየው ሰፈሩ ይቀመጣል።

ይህ ደግሞ የትናንት ነገር አይደለም፤ የእኛም ሰዎች በዚሁ መንገድ ነው የገቡት። ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ የሄደው ማሊክ አምባር በዴካን የአህመድናጋር እንደራሴ ሆኖ እስከ 1626 ሞጎሎችን ተቋቁሟል። ብቻውን አልነበረም፣ የሐበሻ ፈረሰኞች ነበሩት። ሃይደራባድ ውስጥ ዛሬም ኤሲ ጋርድስ የሚባል ሰፈር አለ፤ የሃይደራባዱ ገዢ የኒዛሙ አፍሪካውያን ፈረሰኛ ዘቦች የሰፈሩበት ነው። ከከተማዋ በደቡብ ያለው ባርካስ ደግሞ የሐድራሞት የመኖች ወታደሮች የሠፈሩበት ነበር፤ በሩዝና በሥጋ የሚሠራው ማንዲ ከዚያ ተነሥቶ መላውን ሃይደራባድ ወርሷል። ንጉሥ ሲያሰፍር ወይም መንግሥት ሲያሰፍር ሰፈሩ ይገኛል። የሚቸገረው ሻንጣውን ይዞ ለብቻው የሚመጣው ነው፤ ተማሪው፣ ነርሷ፣ ታማሚ የሚያስታምመው። ሆቴል አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ሕክምናው ሲረዝም የታማሚው ቤተሰብም ማድ ቤት ያለው ክፍል ፍለጋ ይወጣል፣ ያኔ ጥያቄው ይመጣበታል።

ማኅበረሰብን የመቀበሉ ጥበብ ሌላ ፊትም አለው። በአህመዳባድ የፓርሲዎች (የጥንቱን የፋርስ ሃይማኖት የሚከተሉት) የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ከፓርሲ በስተቀር አባል አልቀበልም ብሎ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ማኅበሩ መብቱ ነው ብሎ ፈረደለት። ፓርሲዎች ጥቂት ናቸው፣ እየተመናመኑም ነው፣ ለእነርሱ መፈረዱን ልረዳው እችላለሁ። ግን ፍርዱ ለጥቂቶች የከፈተው በር ለብዙኃንም ይከፈታል። ለተጨነቀው ማኅበረሰብ መጠለያ የሆነው አጥር ለሌላው መግፊያ ይሆናል። ሁለቱን የሚለይ ሕግ ቢኖር ደስ ባለኝ፤ የረባ መለያ ግን አላገኘሁለትም።

ተማሪዋ፦ የሲኮችን ላንጋር ዘለሉት። አምሪትሳር ባለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ በነፃ ይበላል፣ ዴልሂ ባንግላ ሳሂብም እንዲሁ። ካስት አይጠየቅ፣ ሃይማኖት አይጠየቅ። ማድ ቤቱም ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ሮቲ ይጠፈጥፋል። ይህ የእርስዎን «ዝግ ማድ ቤት» አያፈርሰውም?

መምህሩ፦ የሚያፈርሰው ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ ሳላነሣው መቅረቴም ልክ አልነበረም። ግን ላንጋር የተሠራው ለምን እንደሆነ አስቢ። ሲኮች በአንድ ረድፍ መቀመጥን ሥርዓት ያደረጉት ዙሪያቸው ያለው ሕዝብ አብሮ ስለማይቀመጥ ነው። መድኃኒቱ በሽታውን ይመሰክራል። ሥጋ አለመቅረቡም ጥበብ ነው፤ ማንም የማይከለከልበትን ትንሹን ገበታ መርጠዋል። ይሁንና ላንጋር የሚያሸንፈው ለአንድ ማዕድ ጊዜ ነው። ተነሥተሽ ሳህንሽን ታስረክቢያለሽ፣ ሌላው በቦታሽ ይቀመጣል፣ አንቺም ወደ ተከራየሽው ቤት ትመለሻለሽ።

ተማሪዋ፦ የሚናገሩት ስላለፈው ትውልድ አይደለም? ዛሬ ወጣቱ ምግቡን በስልክ ያዛል፣ ማን እንዳበሰለው አያውቅም፣ ግድም የለው። ዘመኑ ራሱ ያፈርሰዋል።

መምህሩ፦ እኔም ብመኝ ደስ ይለኝ ነበር። በመጋቢት 2024 ዞማቶ የተባለው ምግብ አድራሽ ድርጅት ንጹሕ ቬጅ ለሚሉ ደንበኞቹ አረንጓዴ የለበሱ ለብቻ የሚሠሩ አድራሾች አወጣ፤ እንደ ወትሮው ቀይ የለበሱት ሌላውን እንዲያደርሱ። በማግስቱ ልብሱን ተወ። ለምን? ቀይ ለባሹ ሁሉ ሥጋ ይዟል ተብሎ የነዋሪ ማኅበራት ግቢ እንዳይገባ ሊከለክሉት ይችላሉ፣ ቀይ ለባሽ በሩ ላይ የታየበት ተከራይም ከአከራዩ ጋር ይጣላል ተብሎ ነው። ድርጅቱ ራሱ ይህን አምኖ ሁሉንም ቀይ አለበሳቸው። ልብ በይ፣ ምግቡ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አይሸትም፣ አያጨስም። የመተግበሪያው ዘመን ድንበሩን አላጠፋውም፣ ከድስቱ አውጥቶ ሸሚዝ ላይ አደረገው። በ2023 ደግሞ በአይ-አይ-ቲ ቦምቤይ፣ የአገሪቱ ምርጥ ኢንጂነሮች በሚወጡበት ግቢ፣ በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ለቬጅ ብቻ የተለዩ ጠረጴዛዎች ተደረጉ፤ በተቃውሞ ሥጋ ይዞ የተቀመጠ ተማሪ 10,000 ሩፒ ተቀጣ። እነዚህ ሽማግሌዎች አይደሉም።

ተማሪዋ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን አንድ የማይገጥም ነገር አለ። ሁመዩንፑር የሚባል ሰፈር ዴልሂ ውስጥ አለ፤ የናጋላንዱ፣ የማኒፑሩ ምግብ ቤት የተደረደረበት፣ ያ የሚሸተው ምግብ በአደባባይ የሚሸጥበት። እሱን መንግሥት ለማንም አልሰጠም። ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ተማሪና ሻጭ ሆነው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ነው የገቡት። ታዲያ ለብቻው የመጣው አይገባም ያሉት የት ሄደ?

መምህሩ፦ ጥሩ ያዝሽኝ፤ መልሱ ግን ክርክሩን ያጠብቀዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሁመዩንፑር ከተማው ደርሶ የዋጠው የገበሬ መንደር ነው። ዴልሂ ስትሰፋ መንግሥት እርሻውን ወሰደ፣ ቤቶቹ ያሉበትን ቀይ መስመር የተሠመረበትን ክልል ግን ተወው፤ ላል ዶራ ይሉታል። በ1963 እነዚህ መንደሮች ከከተማው የሕንፃ ደንብ ነፃ ሆኑ። መሬቱን ያጣው ገበሬ ያለችውን ግቢ ወደ ላይ አራት አምስት ፎቅ አድርጎ ኪራይን እንደ ሰብል ማጨድ ጀመረ። በር ላይ ዘበኛ፣ የነዋሪ ማኅበር፣ የሚጸድቅ ደንብ የለም፤ አከራዩ በወር መጨረሻ የሚቀበለውን ነው የሚያየው። ሙኒርካም፣ ኪርኪም፣ ሆዝ ራኒም እንዲሁ ናቸው። በሆዝ ራኒ ትልቁ ሆስፒታል ፊት ለፊት አፍጋኖች ዳቦ ይጋግራሉ። ለብቻው የመጣ ሰው የገባው ደንብ ባልተጻፈበት ቦታ ነው። እንግዲህ የዴልሂ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ በተደራጀ፣ ሊፍቱ በሠራ፣ ግቢው በጸዳ ቁጥር ማድ ቤቱ ይጠባል።

ተማሪዋ፦ ስለዚህ ፀሐይ የማይገባበትን መተላለፊያ ከመረጥኩ በነፃነት ዶሮ እሠራለሁ።

መምህሩ፦ ዶሮሽን ትሠሪያለሽ፤ ተቀባይነት ግን ከዶሮው ጋር አይመጣም። ኪርኪ እንደዚያ ክፍት መንደር ነው፣ ከአፍሪካ የመጡ ብዙ ተከራዮች ነበሩበት። በጥር 2014 በዚያን ጊዜ የዴልሂ የሕግ ሚኒስትር የነበሩት ሰው ነዋሪዎችን አስከትለው በእኩለ ሌሊት የአፍሪካውያን ሴቶችን ቤት ሊያስፈትሹ ሄደዋል። ሌላም አለ፤ የውጭ ዜጋ ያሳደረ አከራይ በ24 ሰዓት ውስጥ ቅጽ ሞልቶ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት፣ በመንደሮቹ ያሉ አከራዮች ደግሞ ይህን መሙላት አይወዱም። ያ ወረቀት ከሌለሽ የቪዛ ማራዘሚያሽ ይንጓተታል። ደንብ የማይወደው አከራይ ድስትሽን አያይም፣ ወረቀትሽንም አይሞላም።

ተማሪዋ፦ ሃይደራባድስ?

መምህሩ፦ ሥጋውን ማንም አይጠይቅሽም፤ ቴላንጋና ናት። ቶሊቾውኪ ሶማሌውም ሱዳኑም የመኑም ያለበት ሰፈር ነው፣ ማንዲው ደጃፍሽ ላይ ነው። እዚያ አከራይ የሚጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ብቻሽን ነሽ ወይ፣ ወንድ ይመጣል ወይ፣ ማታ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ። እሱን ደግሞ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪበት፣ እኔ የማውቀው ስለ ድስቱ ነው።